የአንጀት ብግነትና የወጣቶች ኩላሊት



ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይተስ ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም በወጣትነት ዕድሜ ይጀምራሉ። ዛሬ ልናገር የመረጥሁት ግን ተቅማጡና ቁርጠቱ ሐኪሙን ሲያስጨንቁት ያለ ምልክት ስለሚጎዳው ኩላሊት ነው።

አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከወለንጪቲ መጣ እንበል። ወለንጪቲ ከአዳማ በስተ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሞቃት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ወጣቱ ለወራት ተቅማጥ ይዞት ከስቷል። መጀመሪያ አሜባ፣ ቀጥሎ የአንጀት ቲቢ ይጠረጠራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ቲቢ ከክሮንስ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ እርሱን ሳያጣሩ ስቴሮይድ መጀመር አደገኛ ነው። በዚህ መካከል ግን ወራት ያልፋሉ።

በጤነኛ አንጀት ውስጥ ካልሲየም ከምግብ የተገኘውን ኦክሳሌት ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ሲታመም ወይም ተቆርጦ ሲወጣ ስብ በሚገባ አይመጠጥም፤ የቀረው ስብ ካልሲየሙን ይሻማል። ብቻውን የቀረው ኦክሳሌት በትልቁ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባና በኩላሊት ይወጣል። ተቅማጡ ውሃ ያሳጣል፣ የቆላው ሙቀት በላብ ይጨምርበታል፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጠጠር ይፈጠራል። ኦክሳሌቱ ከበዛ የኩላሊቱን ሥጋ ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

«ወተት ጠጠር ያመጣል» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ይጎዳል። ይህ ሕመምተኛ ከምግብ ጋር ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ መቀነስ ያለበት ቅባቱን፣ እንዲሁም ኦክሳሌት የሚበዛባቸውን እንደ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ ያሉትን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብግነት ነው። በኩላሊት ቱቦዎች መካከል ያለው ሥጋ በሕመሙ በራሱ፣ አልፎ አልፎም በሜሳላዚን ምክንያት ይቆጣል። ሰልፋሳላዚንም አንጀት ውስጥ ሲፈርስ ይህንኑ ንጥረ ነገር ስለሚሰጥ ከክትትል ነጻ አይደለም። ቶሎ ተደርሶበት መድኃኒቱ ከቆመ ኩላሊቱ ሊያገግም ይችላል፤ ከዘገየ ጠባሳው ይቀራል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው ዲክሎፌናክ አንጀቱንም ኩላሊቱንም ሊያባብስ ይችላል፤ ሕመምተኛው ካልተጠየቀ መውሰዱን አይናገርም። ለዓመታት ያልተገታ ብግነት ደግሞ፣ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በኩላሊት እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ግን እምብዛም አይታይም።

ምርመራው ውድ አይደለም፤ ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ ሳይጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ይደረጋል። ውጤቱን ስናነብ ግን ክሪያቲኒን ከጡንቻ እንደሚመነጭ አንርሳ። የከሳ ወጣት ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ቢዳከምም ቁጥሩ «መደበኛ» ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከላቦራቶሪው ወሰን ይልቅ ከራሱ ከቀድሞው ውጤት ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ከዚሁ አካባቢ የመጣችሁ ስለ ፍሎራይድ መጠየቃችሁ አይቀርም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ፍሎራይድ ደግሞ በዋናነት የሚወገደው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም በአጥንት ውስጥ ይከማቻል። እንግዲህ ጠጠር ያለበትን ወጣት «ብዙ ውሃ ጠጣ» ስንለው ከየት እንደሚቀዳ እንጠይቀው። አፍልቶ መጠጣት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም።