መጽሐፍ ልትጽፉ ነው? የሰው ግጥም ከማስገባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እንበልና ዓለም ጤና ቁጭ ብላችሁ ስለ ዓሊ ቢራ መጽሐፍ እየጻፋችሁ ነው። ስልካችሁ ላይ ዘፈኖቹን ሰብስባችኋል፣ ከፌስቡክ አሮጌ ፎቶዎችን አውርዳችኋል፣ በየምዕራፉ መግቢያ ደግሞ የአንድ ዘፈን ግጥም ሙሉውን ለማስቀመጥ አስባችኋል። አሪፍ ሐሳብ ነው። ግን ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ማንን አስፈቀዳችሁ?

አብዛኛው ሰው "ሰውዬው እኮ አርፏል፣ ከማን ነው የማስፈቅደው?" ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ ለራሱ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይሰጣል። አርቲስት ዓሊ ቢራ ያረፈው እዚሁ አዳማ፣ ሆስፒታል ሕክምና ላይ እያለ ነው፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015። ስለዚህ እሱ ራሱ የደረሳቸው ግጥሞች እስከ 2065 ድረስ ባለቤት አላቸው። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው አንባቢያችን ያኔ ጡረታ ወጥቷል።

"እሱ ራሱ የደረሳቸው" ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዘፈን አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ዕቃ አይደለም። ግጥሙን የጻፈው አለ፣ ዜማውን የሠራው አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ቀድቶ ያሳተመው አለ። መጽሐፍ ላይ የምታሰፍሩት ቃሉን ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ የግጥም ደራሲው ፈቃድ ነው። ዘፋኙ በደስታ "ጻፉት፣ ምን ችግር አለው" ቢላችሁ እንኳ ግጥሙ የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃዱ አይሠራም። የካሴት ሽፋን ላይ "ግጥምና ዜማ" የሚል መስመር ካለ ዕድለኛ ናችሁ። በዩቲዩብ የተጫነ አሮጌ ዘፈን ሥር ግን ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ ነው ያለው። ያኔ እንግዲህ አባቶችን፣ የድሮ ሙዚቀኞችን፣ የካሴት ነጋዴዎችን እየዞሩ መጠየቅ ነው። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን ከመጻፍ ይልቅ ይሄኛው ይከብዳል።

ደራሲው ከሞተ ደግሞ ወራሾች አሉ። አንዱ አዳማ፣ አንዷ አሜሪካ፣ ሌላው ስልክ የማያነሳ ሊሆን ይችላል። አንዱ ልጅ ፈቅዶላችሁ ሌላኛው በኋላ ቢመጣስ? ስለዚህ የሚፈርምላችሁ ሰው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዳለው፣ ለወንድም ለእህቶቹም ከሆነ የሚፈርመው ውክልና እንዳለው ማየት አለባችሁ። መጠየቁ ያሳፍራል፣ በተለይ ቡና አፍልተው ካስተናገዷችሁ በኋላ። ግን ጠይቁ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የበዓሉ ግርማ ጉዳይ ነው። "ኦሮማይ" በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መቼና የት እንደሞተ እስከ ዛሬ በይፋ አልተነገረም። ሕጉ ደግሞ 50 ዓመቱን የሚቆጥረው ከሞት ቀን ነው። ከጠፋበት ዓመት ብንነሳ 2026 ላይ ያልቃል ማለት ነው። ግን የጠፋ ሰው ሁሉ ያኑ ዕለት ሞተ አይባልም። የሐዲስ ዓለማየሁ ግን ግልጽ ነው፦ ያረፉት በ1996 ስለሆነ "ፍቅር እስከ መቃብር" እስከ 2046 የወራሾች ነው። ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ በነፃ መገኘቱ ይህን አይለውጠውም። የሰረቀው ሰው አልተከሰሰም ማለት ንብረቱ የሕዝብ ሆነ ማለት አይደለም።

ታዲያ ያለ ፈቃድ ምንም መጥቀስ አይቻልም? ይቻላል። አዋጁ ከታተመ ሥራ ላይ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ የተጠቀሰው ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መሆን የለበትም፣ ምንጩና የደራሲው ስም ደግሞ መገለጽ አለበት። "ሁለት ስንኝ ይፈቀዳል፣ አምስት አይፈቀድም" የሚል ቁጥር ግን የለውም። ዓሊ ቢራ ስለ ናፍቆት እንዴት እንደዘፈነ ለማስረዳት ሁለት መስመር ጠቅሳችሁ ብትተነትኑት አንድ ነገር ነው። ለጌጥ ሙሉ ግጥሙን ገጽ ላይ ብትለጥፉት ሌላ። ሁለተኛው እንደ መጥቀስ የሚቆጠርላችሁ አይመስለኝም።

ሐሳብ፣ መረጃና ታሪክ በራሳቸው የማንም አይደሉም። አያታችሁ የነገሯችሁን ተረት በራሳችሁ ቃል ጻፉት። አንድ ሰው ዞሮ ሰብስቦ፣ መርጦና አደራጅቶ ካሳተመው የተረት መጽሐፍ ግን እንዳለ መገልበጥ የእሱን ልፋት መውሰድ ነው።

ፎቶ ላይ ጊዜው ያጥራል፦ ፎቶው ከተነሳ 25 ዓመት። የባለመብቱ ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ያነሳው ፎቶግራፈር ነው። ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ልጅ "ውሰዱት" ቢላችሁ የእሱ ካልሆነ ሊፈቅድላችሁ አይችልም።

"ማን ያየኛል" ለሚሉ ደግሞ፦ የ1996ቱ አዋጅ የሞራል ካሳ ብቻውን ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይላል። አንድ ሺህ ኮፒ አሳትሞ እየዞረ የሚሸጥ ጀማሪ ደራሲ ይህን ከየት ያመጣዋል? በዚያ ላይ ጥሰቱ ወንጀልም ነው።

ፈቃድ ስትጠይቁ "ግጥምዎን ልጠቀም?" ብቻ አትበሉ። የትኛውን ግጥም፣ ስንት መስመር፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ ስንት ኮፒ፣ በወረቀት ብቻ ነው ወይስ በስልክ የሚነበብም አለ፣ ትርጉም ይኖረዋል ወይ፣ ክፍያው ስንት ነው፤ ይህ ሁሉ በወረቀት ይስፈር፣ ይፈረምበት። በስልክ "እሺ ልጄ፣ ጻፍ" ያሉ አባት ነገ ቢያርፉ ያቺን "እሺ" ልጆቻቸው አልሰሟትም። ደብዳቤውን ግጥሞቹ ሳይሰፍሩ፣ ገና ረቂቅ ላይ ሳላችሁ ላኩ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ "አይሆንም" ከተባላችሁም ምዕራፉን ለመቀየር ጊዜ ይኖራችኋል።