መጋዙ ከመነሳቱ በፊት

(ድምፅ፦ ብርጭቆ ወረቀት ጣውላ ሲፍቅ፤ እየቀነሰ ከትረካው ሥር ይቀጥላል)

ተራኪ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ የእንጨት ሥራ ለማስተማር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው ልጁን ሳይሆን የሥራ ቦታውን ነው። የመሰንጠቂያ ማሽን ጩኸት አንዳንዱን ልጅ ጆሮውን ይዞ እንዲሮጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ማሽኑ ይጠፋና ትምህርቱ በእጅ መሣሪያ ይጀመራል። መጋዙ፣ መዶሻው፣ መላጊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ቅርጽ ከኋላቸው በቀለም ይሳላል። መዶሻው የት እንደሚመለስ ልጁ ማንም ሳይነግረው ያያል።

ሥራውም እንደዚሁ በዓይን መታየት አለበት። «ሳጥን ሥራ» ቢባል ልጁ ከየት ይጀምር? ፎቶዎቹ በተርታ ሲለጠፉለት ግን መንገዱ ግልጽ ነው፦ ጣውላውን ሞርሳ ላይ እሰር፣ መስመሩን ይዘህ ቁረጥ፣ ጠርዙን አለስልስ፣ ኮላ ቀባ። ያለቀው ፎቶ ይገለበጣል።

ማለስለሱ ላይ ብዙ ልጆች ይቆያሉ። ይቆዩ! መጀመሪያ ሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ለስላሳው። ልጁ መዳፉን ዋንዛው ላይ ያስኬዳል፤ ጣቱን የሚይዘው ቦታ ካለ ተመልሶ ይፍቃል። ሰጋቱራ ቆዳው ላይ ሲያርፍ የሚጨነቅም አለ፤ እሱ ጓንት ያደርጋል።

(ሙዚቃ)

የእጅ ሥራ ኦቲዝም ላለበት ልጅ የት ድረስ በር እንደሚከፍት የአንዲት ሴት ታሪክ ያሳያል። ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊት ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ተወለደች። ሦስት ዓመት ተኩል እስኪሆናት አልተናገረችም። በወጣትነቷ አሪዞና በሚገኘው የአክስቷ ከብት እርባታ፣ ለክትባት የገቡ ከብቶች ግራና ቀኝ ጎናቸው ሲያዝ እንደሚረጋጉ አስተዋለች። በ18 ዓመቷ ለራሷ ተመሳሳይ መያዣ ከእንጨት ሠራች፤ ጭንቀቷም በረደላት። ነገሩ ያላማራቸው ባለሙያዎች ሊያስተዋት ፈለጉ። የሳይንስ መምህሯ ዊልያም ካርሎክ ግን ለምን እንደሚያረጋጋ በጥናት እንድታረጋግጥ ገፋፋት። እኔ ከታሪኳ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ መምህር ነው፤ የእጇን ሥራ አክብሮ ወደ ዕውቀት በር አደረገላት። በኋላ የከብት ማቆያና ማስተናገጃ ነዳፊ፣ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች። የእጅ ሥራ ትምህርት ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች መውጣቱ እንደ እሷ በሥዕል የሚያስቡ ልጆችን እንደጎዳ ዛሬም አጥብቃ ትናገራለች።

(ድምፅ፦ የእጅ መጋዝ)

የአናጺ ቤት ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት ማሽኑን አጥፉ። አንድ ሞርሳ፣ የተሳለ መጋዝ፣ በተርታ የተለጠፉ ፎቶዎች፣ የማይቸኩል ባለሙያ፤ ወላጅም አጠገቡ ይቀመጥ። ለመጀመሪያው ቀን ይህ በቂ ነው።