ስለሚበየድ ዳዶ

አንዲት ትንሽ ዳዶ በትምህርት ቤት መጽሔት የምትጻፍ ነገር አይደለችም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ከዚህ በፊት እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ እጄ የሠራሁት ስሕተት ነውና፣ ጓደኞቼ ከእኔ ጥፋት እንዲማሩ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በእጅ ሥራ ክፍል አንድ አግዳሚ ወንበር ሠርተን ነበር። እግሩ ቱቦላሬ፣ መቀመጫው ሳንቃ ነው። ሳንቃውን በቡሎን ለማሰር ከአንድ ወፍራም ላሜራ ሥር ዳዶ በየድንና ላሜራውን በቱቦላሬው አፍ ላይ ገጥመን ዘጋነው። እንዳይዝግ ብዬ የመረጥሁት የሚያብረቀርቀውን፣ ማለት በዚንክ የተለበጠውን ዳዶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ወንበሩ ተነቃነቀና አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጣለ፤ ልጁም ክንዱን ተጎዳ። ቡሎኑን ላጠብቅ ቁልፍ ብይዝ ዳዶው ከብየዳው ለቆ አብሮ ይዞራል። ውስጥ ስለ ተዘጋም እጅ አይደርስበትም፤ እግሩን በመጋዝ መቁረጥ ግድ ሆነ።

መምህራችን የለቀቀውን ብየዳ ሲያሳዩን እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲሆን ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ተን ይሆናል፤ ተኑም ሳይወጣ ብረቱ ሲረጋበት ቀዳዳው ይቀራል። ከዚህም በላይ ነጩን ጢስ የሳበ ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳትም ይይዘዋል። እንግዲህ የሚበየድ ዳዶ ያልተለበጠ፣ ዝገት ለመከላከል ያህል ብቻ ስስ ዘይት የተቀባ መሆን ይገባዋል። ልባጡም ሆነ ቀለሙ የሚመጣው ከብየዳ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የብረቱ ዓይነት ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት ከጋለ በኋላ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በማሽን ለመፋቅ እንዲቀልል ድኝ ወይም እርሳስ የተጨመረበትም ሲበየድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለብየዳ የተሠራው ባለ አራት ማዕዘን ዳዶ፣ በጀርመኖች ደንብ ዲን 928 የሚባለው፣ ካርቦኑ ከመቶ 0.25 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለማይዝግ ላሜራ ደግሞ 18 እጅ ያህል ክሮሚየምና 8 እጅ ያህል ኒኬል ያለበት ዳዶ ይሠራል።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝም ይህ ነው። በአራቱ ማዕዘን ሥር አራት ትንንሽ ጉብታዎች አሉት። ዳዶው በላሜራው ላይ ሲቀመጥ የሚነካው በእነዚህ ብቻ ነው። ማሽኑ በሁለት የመዳብ ኤሌክትሮዶች መካከል ይጫነውና በሺህ የሚቆጠር አምፔር ለጥቂት ቅጽበት ያሳልፍበታል። ጁል የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1841 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ኃይል በጠባቦቹ ጉብታዎች ሲያልፍ እነሱ ይቀልጣሉ፤ ማሽኑም እስኪረጉ ድረስ ጭነቱን አይለቅም። ማዕዘኖቹ ከመካከሉ ቀዳዳ የራቁ ስለ ሆኑ ሙቀቱ የዳዶውን ጥርስ አያበላሽም። ይሁን እንጂ አንዱ ጉብታ ካጠረ ኃይሉ በሌሎቹ ያልፋል፤ ዳዶውም ይጣመማል። በዚህ ዓይነት የተበየደ ዳዶ በአውቶሞቢል ውስጥ ብዙ ጊዜ ወንበርንና የደኅንነት ቀበቶን ይይዛል፤ እንግዲህ የሰው ሕይወት የሚታመንበት ነው ማለት ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ማሽን የለንም። ቢሆንም ወንበሩን እንደገና ስንሠራ ያልተለበጠ ዳዶ መረጥን፤ ዘይቱንና ዝገቱን አጸዳን፤ ፍንጣሪ ጥርሱን እንዳይሞላው አሮጌ ቡሎን አስገባንበት፤ ማዕዘኖቹንም ፊት ለፊት እያፈራረቅን በየድን። ቱቦላሬውን ከመዝጋታችን በፊት ቡሎኑን በቁልፍ አጥብቀን ፈተንነው፤ ቀለሙን በመጨረሻ ቀባን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስሁት ዳዶ ነበር፤ ክንዱ የተጎዳው ግን ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ተዘግቶ የማይታየውን ሥራ ከሚታየው ይልቅ አጥብቀን እንመርምር።