እንግዶቻችን በየትኛው ወር ይምጡ?

ወደ ጅቡቲ ለዕረፍት መምጣት ያሰበ ዘመድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀን «ሆቴል ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ አሁን አሁን «በየትኛው ወር ነው የምትመጡት?» ብለን እንመልሳለን። ይህን ያስተማረን አምና የደረሰብን ነገር ነው። የአንዲት የክፍላችን ልጅ አያት ባሕር ለማየት ብዙ ዓመት ሲመኙ ኖረው፣ ገንዘብ አጠራቅመው በሐምሌ መጡ። አዲስ አበባ ዝናብና ብርድ ስለነበር ጋቢና ሹራብ ይዘው ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው ሰነበቱ፤ ባሕሩንም በመኪና መስኮት አይተው ተመለሱ። እኛም በጣም አፈርን። ስለዚህ ዘንድሮ ተሰባስበን ሁለተኛ ጉዟቸውን አቀድን። ለሌሎች እንግዶችም ይጠቅማል ብለን ዕቅዱን እዚህ አቅርበነዋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ወሩ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት በመሆኑ ለዘመዶቻችን የሚመቻቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ለጅቡቲ ግን የዓመቱ ከባድ ሙቀት ያኔ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አቧራ ይዞ ይነፍሳል። አቅም ያለው የከተማው ነዋሪ ራሱ ወደ አርታ ተራራ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ለስላሳ ነው፤ ውጭ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል።

ከእነዚህ ወራት ውስጥ እኛ የመረጥነው ጥርን ነው። በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ በኩል ይታያል። ስሙ ሻርክ ቢሆንም የሚመገበው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን ነው። ሌላው ምክንያታችን ጾሙ ነው። እማማ በጾመ ነቢያት ዓሣ አይቀምሱም፤ ጾሙ በገና ይፈታል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ገና አልገባም። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም መቼ እንደሚውል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በሰው ፊት መብላትና መጠጣትም ነውር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘቡ የት ይውጣ የሚለው ነው። ቅንጦት የፈለገ እንደ ኬምፒንስኪ ያለ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ሆቴል ያገኛል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ (1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው) ወጪን ከወራት በፊት ማስላት አይከብድም። የእኛ ምክር ግን በመኝታው ላይ ቆጥባችሁ ለጥሩ መኪና፣ ለጥሩ ሾፌርና ለጀልባ ክፈሉ ነው። ስትዋዋሉ ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለአንድ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጀልባው ከሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር መጋራት ይቻላል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። የእማማ ዕቅድ የአራት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከተማውን አሳየናቸው፤ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የሐሙዲ መስጊድ ከውጭ፣ ቀጥሎም ሰው እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ የሚለውን የ27 ጁን አደባባይ። ማታ እንደ የመኖች አሠራር ለሁለት ተከፍሎ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በላን። እኩለ ቀን ላይ ምንም አላቀድንም፤ ሱቆች የሚዘጉበት፣ ከአገራችን የሚመጣው ጫትም የሚከፋፈልበት ሰዓት ነውና።

በሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ወደ አሳል ሐይቅ ተነሳን። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ጨዉ እግር ስለሚቆርጥ ጫማ፣ ለመታጠቢያም ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። መንገዱን እስከ መገንጠያው ድረስ ከአገራችን ከባድ መኪኖች ጋር ስለምንጋራው ሾፌሩን አታስቸኩሉት።

ሦስተኛው ቀን የዌል ሻርኩ ነበር። እማማ ጀልባዋን አይተው «እኔ እዚህ ላይ አልወጣም» አሉ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ልጆቹ ሲሄዱ ሁለታችን ከእሳቸው ጋር ዳርቻው ላይ ቀረን። በዕቅዳችን ያልነበረ ነገር ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለተኛ አማራጭ መያዝ እንዳለበት የተማርነውም ያኔ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ክፍት በተውነው ቀን፣ ራሳቸው መርጠው ከከተማው ብዙ ወደማይርቀው ኾር አምባዶ ሄድን። ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እስኪመሽ ተቀመጡ።

ረዘም ያለ ጊዜ ያለው በጀልባ ተሻግሮ ሰባት መስጊዶች ያሏትን ታጁራን፣ አጠገቧም ነጭ አሸዋ ያለውን ሳብል ብላንን ይይ። ጎበዝ ጎልማሳ ደግሞ ወደ አቤ ሐይቅ ይሂድ። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሻችን ባሕር ሳይደርስ የሚያበቃው እዚያ ነው። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ አዛውንት አይወሰዱም።

በመጨረሻ ስለ አገሬው። የምንጎበኘው የአፋርና የሶማሌ ቤት ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላችሁ ግቡ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያና የጦር ሰፈር ፈጽሞ አታንሱ። የዋና ልብስ ከባሕሩ ዳርቻ አይውጣ።

እማማ ሲመለሱ ከአሳል የገዙትን ጨው በጋቢያቸው ጠቅልለው ሄዱ። ጋቢውን በጥርም አልተዉትም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ማታ ማታ ባሕር ዳር ለብሰውታል።