የመካንነት ሐኪም ምን ተምሮ ነው?

ልጅ ሲዘገይ መድኃኒት ቤት የምትመጣው ብዙ ጊዜ ሚስት ብቻዋን ናት፤ ጎረቤት የነገረቻትን ክሎሚፌን ትጠይቃለች። ችግሩ ከባልም ሊሆን እንደሚችል ማን ይንገራት?

የመካንነት ሐኪም መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና፣ ቀጥሎ ለዓመታት የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ፣ ከዚያም ስለ ሆርሞንና ከማህፀን ውጭ ስለሚፈጠር ጽንስ ለብቻው ይማራል። ትምህርቱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የካይሮውን ፕሮፌሰር ገማል ሰሩርን እንውሰድ። በአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ከፕሮፌሰር ሙሐመድ አቡልጋርና ከዶክተር ረጃ መንሱር ጋር በግብፅ የመጀመሪያውን የዚህ ሕክምና ማዕከል ከፈቱ። የግብፁ ሙፍቲ ሸይኽ ጃደል ሐቅ ቀደም ብለው በ1980 የባልና የሚስት ብቻ ከሆነ ፈቅደው፣ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባበት ከልክለው ነበር።

በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሚስት 35 ካለፋት ደግሞ በስድስት ወር፣ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ነው።