የባቡር ሐዲድ የነበረው መንገድና የእኛ ሶላት



ሰውነታችን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነው። ሆኖም በትምህርት ወቅት ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንውላለን። ጂም ደግሞ ወንድና ሴት የሚቀላቀልበት በመሆኑ ለብዙ እህቶች አይመችም። በሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ተማሪዎች ግን ክፍያ የማይጠይቅ አማራጭ በአቅራቢያችን አለ፤ እርሱም «ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን» የሚባለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው።

መንገዱ ከአርሊንግተን ተነሥቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየና፣ በሬስተን፣ በኸርንደንና በሊስበርግ በኩል ፐርስልቪል ይደርሳል። ርዝመቱ 45 ማይል ወይም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ የባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ካቆመ በኋላ ሐዲዱ ተነሣ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1988 ደግሞ ፐርስልቪል ደረሰ። ባቡር ዳገት ስለማይችል መስመሩ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው ተሞልቶ ነበር። ለዚህም ነው ጀማሪ እንኳ ብዙ ሳይደክም የሚሄድበት።

ረጅም ጉዞ ሲታሰብ የሚነሣው ጥያቄ «ሙሳፊር ነን ወይ? ሶላት እናሳጥራለን?» የሚለው ነው። ብዙ ዑለማዎች የሰፈርን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል፤ የሚቆጠረውም መሄጃው ብቻ ነው፣ መመለሻው አይደመርም። በዚህ ስሌት መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ብቻውን ርቀቱን አይሞላም። ርቀትን ትተው የሰዎችን ልማድ (ዑርፍ) መለኪያ ያደረጉ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ ሩቅ ለመሄድ ያሰበ አስቀድሞ ኡስታዙን ይጠይቅ። ከክፍል በኋላ ለሚደረግ አጭር ጉዞ ግን ሶላቱ ሙሉ ነው፣ በወቅቱም ይሰገዳል።

በተለይ በክረምት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዲሴምበር ወር በአካባቢያችን ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት ከ5 በፊት ስለምትጠልቅ፣ ከዙህር በኋላ የወጣ ሰው ዐስር መንገድ ላይ ይደርስበታል። ውዱእ አድርጎ መውጣትና ትንሽ መስገጃ መያዝ ይበጃል። ቂብላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስንሰግድ ከአስፋልቱ ወርደን ሣሩ ላይ እንሁን፤ መተላለፊያ ላይ መስገድ የተጠላ ነው፣ ለአደጋም ያጋልጣል።

መንገድ ሐቅ አለው። ቀኝ ይዘን እንሂድ፤ ብስክሌተኛ ሲያልፍ በግራ በኩል፣ ደወል አሰምቶ ይለፍ። በጀማዓ ስንሄድ መንገዱን ሞልተን አንሂድ። መኪና መንገድ በሚቋረጥበት ቦታ ሁሉ ቆመን እንይ። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ የወደቀ ቅርንጫፍ ወይም የተሰበረ ጠርሙስ ማንሣት ሰደቃ ነው።

ለእህቶች፦ የአባያ ወይም የጅልባብ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሊጥል ስለሚችል፣ ከሥር ሰፊ ሱሪ ለብሶ ጫፉን ሰብሰብ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ከሄልሜት ሥር ቀጭን ሂጃብ ይመቻል። ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለትና ሦስት ሁኑ።

ለመጀመር ኢስት ፎልስ ቸርች ሜትሮ ጣቢያ ምቹ ነው። ባቡሩ ላይ ብስክሌት ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ መኪና አያስፈልግም። ከዚያ ቪየና ከተማ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግር የሚሄድ ግማሹን ሄዶ ይመለስ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በየቅዳሜው ወደ ቁባእ መስጂድ በእግርም፣ በእንስሳ ተቀምጠውም ይሄዱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እኛም ቅዳሜያችንን ኒያችንን አስተካክለን እንጠቀምበት። አላህ ጤናውንም፣ ወቅቱን የጠበቀ ሶላትንም ይወፍቀን።