ያልመጣው ወንበር

ፈጠራ ሁሉ ክፉ አይደለም። ተረት የሚያወራ ሰው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር፥ ሰሚውም «የመሠረት» ብሎ ሲመልስ፥ ሁለቱም ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉና ማንም አይታለልም። ጉዳት የሚመጣው ፈጠራው ይህን መግቢያውን በመንገድ ላይ ጥሎ፥ የታሪክን ካባ ለብሶ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ይህን ነገር በሚገባ የተረዳሁት በጅቡቲ ከተማ፥ በካርቲየ ሰባት፥ በአንድ የአገራችን ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ነው።

«ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። ፈረንሳዮች አገሩን በሚገዙበት ዘመን የሕዝቡን ሰፈሮች በቍጥር ይጠሯቸው ስለ ነበረ፥ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላም ስሙ ከነቍጥሩ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ሰፈር በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሶማልኛ፥ አፋርኛ፥ ዓረብኛ፥ ፈረንሳይኛና አማርኛ ይሰማሉ። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥምና፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ምንጣፉን ወይም በርጩማውን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጨዋታም ይጀመራል።

እኔን በእንግድነት የተቀበለኝ ቤተሰብ የራሱ የሆነ ጨዋታ ነበረው፤ ስሙም «እውነት ወይስ ፈጠራ» ይባላል። ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ በተራው አንድ አስደናቂ ነገር ይናገራል፤ ሌሎቹ እውነት ወይም ፈጠራ ብለው ይፈርዳሉ። ተናጋሪው ግን የሻዩ ጀበና ባዶ ከመሆኑ በፊት እውነቱን መግለጥ ግዴታው ነው። ሳይገልጥ የቀረ እንደ ሆነ በማግሥቱ ሻይ የማፍላቱ ሥራ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ የቤቱ አባወራ ተናገሩ። «አንድ ፈረንሳዊ ባለቅኔ በሃያ አንድ ዓመቱ ገደማ ግጥም መጻፉን ተወ። ከዚያም ወደዚህ ባሕር ዳር መጥቶ የጠመንጃ ነጋዴ ሆነ፤ ጠመንጃውንም በግመል አስጭኖ ለምኒልክ ሸጠ» አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ፈጠራ!» ብለው ጮኹ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። አርተር ራምቦ በ1885 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ወደ ታጁራ መጣ፤ በዚያም ለረጅም ጊዜ ከዘገየ በኋላ ጕዞውን ጀምሮ በ1887 ሸዋ ገባ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክም ጠመንጃውን ገዙት። የማይመስል ነገር ሁሉ ሐሰት አለመሆኑን በዚህ ተማርን።

ተራው የእመቤቲቱ ሆነና «በዱሮ ዘመን ቡቲ የምትባል አውሬ ከብቱን እየበላች አስቸገረች፤ ሕዝቡም ተባብሮ ድል ነሣት፤ ጅቡቲ የሚለውም ስም የመጣው ከዚህ ነው» አሉ። ታላቁ ልጅ «እኔ የሰማሁት ከድስት ጋራ የተያያዘ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ከዘንባባ ከሚሠራ ምንጣፍ ነው» ሲል ተቃወመ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ይህ እውነትም ፈጠራም እንዳይባል ተፈረደ፤ ስሙ አፈ ታሪክ ነውና። አፈ ታሪክ ምስክር አያቀርብም፤ ምስክር አለኝ ብሎም አይምልም።

ታላቁ ልጅ ቀጠለ። «በ1968 የወጣውና ቻርልተን ሄስተን የሠራበት ‹ፕላኔት ኦፍ ዚ ኤፕስ› የተባለው የዝንጀሮዎች ፊልም የተነሣው በእኛ አገር፥ በአቤ ሐይቅ ዳር ነው» አለ። ይህንን እኔ ራሴ በመንገደኞች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼው ስለ ነበረ ያለ ማመንታት «እውነት!» አልሁ። ልጁም ሣቀና «እንግዳችን ተሸነፉ» አለ። የበረሃው ክፍል የተነሣው በአሜሪካ፥ በአሪዞናና በዩታ፥ በፓወል ሐይቅ አካባቢ ነው፤ የመጨረሻው የባሕር ዳር ክፍል ደግሞ በካሊፎርኒያ ነው። አቤ ሐይቅን ያየ ሰው ግን ወሬው ለምን እንደ ተወለደ አይጠፋውም። ከአዋሽ ወንዝ መጨረሻ፥ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ፥ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች እንደ ጭስ ማውጫ ቆመው፥ አንዳንዶቹም እንፋሎት ሲተፉ ሲታዩ፥ ምድሩ የዚህ ዓለም አይመስልም። እንዲህ ያለ ስፍራ ለመደነቅ የተዋሰው ፊልም አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ በኋላ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ተራ ደረሰ። እርስዋ ግን ዝም ብላ ቆየችና «የእኔ ጨዋታ አይደለም» አለች። ከሦስት ቀን በፊት በትምህርት ቤት ስለ አገርዋ ተናገሪ ተብላ፥ ከአንድ ስፍራ ያነበበችውን ተናግራ ኖሯል። ይኸውም ዐፄ ምኒልክ በ1890 ሦስት የኤሌክትሪክ ወንበሮች፥ ማለት ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚገደሉባቸውን፥ ከአሜሪካ አስመጡ፤ በአገሩም ኤሌክትሪክ ባለመኖሩ አንዱን ዙፋን አደረጉት የሚል ነበር። ጓደኞችዋን ለማሣቅ ብላ ተናገረችው፤ እነርሱም ሣቁ። ነገር ግን በማግሥቱ ሣቁ ወደ እርስዋ ዞረ፤ «የወንበሩ ልጅ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። «አባባ፥ እውነት ነውን?» ብላ የጠየቀችው አባትዋን ሳይሆን፥ አጠገባችን የተቀመጡትን ሽማግሌ ጎረቤት ነው።

እኒህ ሽማግሌ በባቡር መሥሪያ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸውን የተማሩት በድሬ ዳዋ ነው። «ልጄ፥ ዕቃ እግር የለውም» አሉ። «መርከብ ያመጣዋል፥ ግመል ወይም ባቡር ይሸከመዋል፥ ጸሐፊ ይመዘግበዋል። ወንበሩ በምን መጣ?» ከዚያም በጣታቸው እየቈጠሩ አስረዱ። ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1894 ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1897 ነው፤ ሐዲዱ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1902፥ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1917፥ ምኒልክ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1890 ሦስቱ ወንበሮች በረሃውን በግመል ጀርባ ማለፍ ነበረባቸው። አባወራው ደግሞ በኤሌክትሪክ ወንበር ሰው መጀመሪያ የተገደለው በዚያው በ1890 በነሐሴ ወር፥ በኒው ዮርክ ግዛት፥ በኦበርን ወህኒ ቤት መሆኑን ጨመሩ። ገና አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልነገሡ ንጉሥ ይህን ሰምተው፥ ጽፈው፥ ከፍለው፥ ዕቃው ባሕሩንና በረሃውን ተሻግሮ ዓመቱ ሳያልቅ ይደርሳል ማለት ነው! ወሬውም ደብዳቤውን ያነበበ ወይም ወንበሩን ያየ ሰው አይጠራም።

ታዲያ ስለ ምን ታመነ? ብልህ ፈጠራ ከእውነት ጋራ ተቀላቅሎ ስለሚቀርብ ነው። ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ይወዱ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ስልክና አውቶሞቢል በዘመናቸው ገብቷል። በ1890 ኤሌክትሪክ አለመኖሩም እውነት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የገባው ግን መርዝ አለበት፤ በ1896 በዐድዋ ድል ያደረጉትን ንጉሥ የገዛውን ዕቃ የማያውቅ ሞኝ አድርጎ ያሳያልና። ልጅቱ ሣቅ የሸጠች መሰላት፤ የሸጠችው ግን የአያቶችዋን ክብር ነበር።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። መላውም በእኒያ ሽማግሌ አነጋገር ሦስት ጥያቄ ነው፤ መቼ ሆነ? በምን መንገድ መጣ? ማን አየው? እነዚህ ጥያቄዎች በደጃፍ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፥ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ለሚፈርም ሰውም ይጠቅማሉ። ፈጠራውን መተው አያስፈልግም፤ ቤተሰብ በማታ ሣቅ ያስፈልገዋልና። ፈጣሪው ግን ጀበናው ሳያልቅ «የእኔ ነው» ብሎ ይናዘዝ።

ልጅቱ በማግሥቱ በክፍልዋ ፊት ቆማ ስሕተትዋን እንደ ተናገረች አባትዋ በኋላ ነገሩኝ። ብዙዎቹ አመሰገኗት፤ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ «ወንበሩ» ይሏታል። ከአፍ የወጣ ወሬ ሁሉም ተሰብስቦ አይመለስም።

ስሰናበት ሽማግሌው እጄን ይዘው ሣቁ። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። «አየህ፥ ልጄ» አሉኝ፤ «ኤሌክትሪኩ በእኛ መንገድ ላይ ደረሰ። ወንበሩን ግን እኔ እስከ ዛሬ ሲያልፍ አላየሁትም።»